እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝን የአበባ እንክብል በሐኪም መድኃኒት ፋንታ ልውሰድ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 31 ነው፤ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። የዛሬ አራት ወር ገደማ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ፣ ምግብ ያስጠላኛል፣ ሥራም መቅረት ጀመርኩ። ሐኪሙ ድባቴ ነው ብሎ ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊ ግራም በቀን አንድ አዘዘልኝ። ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። እውነቱን ለመናገር ተሽሎኛል። ግን ከባለቤቴ ጋር ያለው ነገር ቀዝቅዟል፤ ፍላጎት የሚባል ነገር የለኝም። ደግሞ ሱስ ያስይዛል ሲሉ እሰማለሁ። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል፣ ከአበባ የሚሠራ እንክብል ላከችልኝ። «ተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም» ትላለች። እናቴ መድኃኒቱን ትተሽ ጠበል ግቢ ትለኛለች። ጎረቤቴ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ በማር። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክንዴ ውስጥ አስቀብሬአለሁ። መድኃኒቱን ትቼ ወደ ተፈጥሮው ብዞር ምን ይላሉ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ አንቺ ብዬ ብጽፍልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ሙሉውን ሳታነቢ እንዳትወስኚ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። እህትሽ የላከችውን የእንክብል ጠርሙስ አትክፈቺው። ፍሉኦክሰቲኑንም በራስሽ አታቁሚው።

ይህን የምለው ዕፅዋት ስለምንቅ አይደለም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ከአገር ቤት የመጣን ነገር ይንቃል የሚሉ አሉ፤ አንዳንዶቻችን እውነትም እንንቃለን። እኔ ግን እህትሽ የላከችው ነገር አይሠራም አልልሽም። ይሠራል። የምፈራውም ስለሚሠራ ነው።

ሴንት ጆንስ ዎርት በአውሮፓ ሜዳዎች የሚበቅል ቢጫ አበባ ነው። በፈረንጆቹ ሰኔ 24፣ በእነሱ የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት አካባቢ ስለሚያብብ ነው ስሙን ያገኘው። ጀርመን ውስጥ እንደ ቅመም ሳይሆን እንደ መድኃኒት ተመዝግቦ ሐኪም ያዝዘዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ትልቅ ግምገማ 29 ጥናቶችን፣ በድምሩ 5,489 ሰዎችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። ዕፁ ከባዶ እንክብል (ለማነጻጸሪያ ከሚሰጥ፣ መድኃኒት ከሌለበት እንክብል) ይበልጣል፣ ከተለመዱት የድባቴ መድኃኒቶችም ብዙ አያንስም የሚል ውጤት አገኘ። ልብ በይ፣ ጥሩ ጥሩው ውጤት የመጣው ባብዛኛው ጀርመንኛ ከሚናገሩ አገሮች ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 340 ሰዎች ላይ የተሠራው ጥናት ደግሞ ዕፁ ከባዶ እንክብል እንደማይበልጥ አሳየ። ይህን ጥናት የዕፁ ተቃዋሚዎች ሁሌ ያነሱታል። እዚያው ጥናት ላይ ሰርትራሊን የተባለው የታወቀ መድኃኒትም በዋናው መለኪያ ባዶውን እንክብል እንዳልበለጠ ግን ሲናገሩ አልሰማም። ሚዛናዊ ለመሆን ያህል ነው የማነሳው።

እንግዲህ ሰውነት ውስጥ እንደ መድኃኒት የሚሠራ ነገር፣ እንደ መድኃኒት ይጋጫል። አንቺ ላይ የሚጋጨው ሁለት ቦታ ነው።

አንደኛው ክንድሽ ላይ ነው። ጉበታችን ውስጥ ሲዋይፒ3ኤ4 የሚባል ኢንዛይም አለ። የምንውጣቸውን እጅግ ብዙ መድኃኒቶች እየፈጨ የሚያስወጣ ሠራተኛ ብለሽ አስቢው። ይህ አበባ ሠራተኛውን ያበዛዋል። በአንድ ሰው ፋንታ ሦስት ሰው ወፍጮው ላይ ይቆማል እንደማለት ነው። ከክንድሽ ቀስ እያለ የሚወጣው ሆርሞንም በዚሁ ወፍጮ ነው የሚያልፈው። ቶሎ ቶሎ ሲፈጭ መጠኑ ከሚፈለገው በታች ይወርዳል፤ ተቀብሮ ሳለ እርግዝና ሊመጣ ይችላል። ይህ በወሬ የሚባል አይደለም። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ጨምሮ በሆርሞን የሚሠሩ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ሴቶች ይህን ዕፅ እንዳይወስዱ ያስጠነቀቀው፣ ያልታቀደ እርግዝና ሪፖርት ስለደረሰው ነው።

ለሌሎች አንባቢዎችም በዚሁ አጋጣሚ ልናገር። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን እንክብል መንካት የለበትም። በ2000 እ.ኤ.አ. በጤነኛ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ኢንዲናቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት በደም ውስጥ ያለውን መጠን በ57 ከመቶ አውርዶት ነበር። አሁን አገራችን ውስጥ በብዛት የሚሰጠውን ዶሉቴግራቪርንም ያዳክማል። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ፣ ኩላሊት ተቀይሮለት ሳይክሎስፖሪን የሚወስድ ሰውም እንደዚሁ። ዕፁ ከቆመ በኋላ እንኳ ጉበት ወደ ነበረበት ለመመለስ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል።

ሁለተኛው ግጭት ከራሱ ከፍሉኦክሰቲን ጋር ነው። ሁለቱም ሴሮቶኒን የሚባለውን የአእምሮ ኬሚካል ከፍ ያደርጋሉ። አንድ ላይ ሲሆኑ ከመጠን ያልፋል። ሰውየው ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይቁነጠነጣል። ሲከብድ ትኩሳትና መወራጨት ይመጣል፤ ይህ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። «እሺ፣ ፍሉኦክሰቲኑን ዛሬ አቁሜ ነገ አበባውን ብጀምርስ?» ትዪ ይሆናል። አሁንም አንድ ላይ ወሰድሻቸው ማለት ነው። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ለመውጣት እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ለመጥራት አምስት ሳምንት ያህል ይወስድበታል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

ስለ ጠርሙሱም አንድ ነገር። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ እንክብል የሚሸጠው በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት እንደ ምግብ ማሟያ ነው። እንደ መድኃኒት ይሠራል ወይ ተብሎ ቀድሞ አይፈተንም። የመጠኑ ነገርም ስለዚህ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። እህትሽ በፍቅር ነው የላከችው፤ አትቆጫት።

ይህን አበባ አገር ውስጥ አገኛለሁ የሚልም አጋጥሞኛል። ባሌና ሰሜን ተራሮች ላይ የወጣ ሰው ቢጫ አበባ ያለውን አሜጃን ያውቀዋል። አሜጃ የዚህ ተክል ዘመድ ነው። ዘመድ ነው እንጂ ራሱ አይደለም። ጥናቶቹ የሞከሩት ከአውሮፓው ተክል ተጨምቆ መጠኑ የተለካ ምርት ነው፤ ብዙ ጊዜ በቀን 900 ሚሊ ግራም። አሜጃ ቀቅሎ መጠጣት ሌላ ነገር ነው።

«ተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለውን ግን ከእኛ አያቶች የተሻለ የሚያፈርሰው የለም። ኮሶ ተፈጥሮ ነው። ሆኖም ኮሶ የሚያጠጡ እናቶች መጠኑን እንዴት እንደሚጠነቀቁለት ታውቂያለሽ፤ ሲበዛ ሰው ይጥላል። ለአእምሮ ሕመም ከምንሰጣቸው መድኃኒቶች አንዱ ሊቲየም ደግሞ ከአለትና ከጨዋማ ውኃ የሚወጣ ተራ ማዕድን ነው። ከእሱ የበለጠ ተፈጥሮ ከየት ይመጣል? ግን ደም ሳንለካ አንሰጠውም፤ ትንሽ ካለፈ ይመርዛል።

የጎረቤትሽ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ በምግብ ልክ ከሆነ ብይው፤ ይጣፍጣል። የድባቴ መድኃኒትን ይተካል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ግን የለም። ዳማከሴም ለምች ነው፤ ለዚህ አይደለም። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ ምንም አይልም፤ አብዝቶ ቀቅሎ መጠጣት ግን በተለይ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። የዓሣ ዘይት ኦሜጋ 3 መጠነኛ ጥቅም እንዳለው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ከዋናው ሕክምና ጎን እንጂ በቦታው አይደለም። ተልባስ? ተልባ ውስጥ ያለው የኦሜጋ 3 ዓይነት ሌላ ነው፤ ሰውነታችን ወደሚፈለገው ዓይነት የሚቀይረው ጥቂቱን ብቻ ነው። ለሆድሽ ግን ጠጪው። ፋይቭ ኤችቲፒ የሚባል እንክብል እህትሽ ልላክልሽ ካለች፣ እሱም ሴሮቶኒንን ከፍ ስለሚያደርግ ከፍሉኦክሰቲን ጋር አይሄድም። ጫትንም ተፈጥሮ ነው ብለው ለድብርት የሚቅሙ አሉ። ምርቃናው ሲያልቅ የሚመጣውን ጨለማ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንቅልፍን ደግሞ ድራሹን ያጠፋዋል።

በነገራችን ላይ ድብርትና ድባቴ አንድ አይደሉም። ቅዳሜ ከሰዓት «ደበረኝ» የምንለው ያልፋል። ጓደኛ ሲደውል ይለቃል። አንቺ የጻፍሽው፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ የቀማ፣ ሥራ ያስቀረ ነው። ለዚህ ነው ሐኪምሽ መድኃኒት የጀመረልሽ። ድባቴው ቀላል ቢሆን ኖሮ እኔም መድኃኒት አልጀምርልሽም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ለቀላል ድባቴ መድኃኒትን መጀመሪያ ላይ አይመክርም። ስለዚህ «ያለ መድኃኒት አይቻልም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሞኝነት የለበትም። መልሱ የሚወሰነው በሕመሙ ጥልቀት ነው።

ያለ መድኃኒት ከሚሠሩት ነገሮች ውስጥ እኔ ልቤ የሚያርፍባቸው በጠርሙስ አይሸጡም። አንዱ እንቅስቃሴ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ድባቴ ያለባቸውን 156 ጎልማሶችና አረጋውያን ሦስት ቦታ ከፈለ። አንዱ ወገን ሰርትራሊን ወሰደ። አንዱ በሳምንት ሦስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ ተራመደ ወይም ሮጠ። ሦስተኛው ሁለቱንም አደረገ። ከ16 ሳምንት በኋላ ሦስቱም በእኩል ደረጃ ተሽሏቸው ተገኙ። መድኃኒት የወሰዱት መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቀለል አላቸው እንጂ መጨረሻው ያው ነበር። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ሌሊት 11 ሰዓት የሚወጡ የሚወርዱትን እያየሁ ይህን ጥናት አስታውሳለሁ። አንቺ እንደነሱ መሆን የለብሽም። ከሥራ ስትመለሺ ታክሲውን ሁለት ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂና ላብ እስኪልሽ ፈጠን ብለሽ ሂጂ። ድባቴ የያዘውን ሰው «ተነሺና ስፖርት ሥሪ» ማለት ቀላል ነው፤ ጫማ ማሰር ራሱ ተራራ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። አሁን ግን ተሽሎሻል። መድኃኒቱ ጫማውን ለማሰር አቅም ሰጥቶሻል፤ ተጠቀሚበት።

ሌላው ንግግር ነው። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም፣ ለሚሊዮኖች የሚበቃ ሐኪም እንደሌለ ሲያዩ፣ የሰፈር አያቶችን አሠለጠኑ። አያቶቹ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፤ ችግሩን ከሰውየው ጋር ሆነው ይፈቱታል። በሾና ቋንቋ ሕመሙን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እኛስ «ሐሳብ ገደላት» እንል የለ? በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት 573 ሰዎችን አየ። ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት ያልለቀቃቸው፣ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ከመቶ 14 ገደማ፣ በተለመደው ክትትል ከቆዩት ከመቶ 50 ገደማ ነበሩ። ልብ ያልሽው እንደሆነ አያቶቹ ዝም ብለው አላጽናኑም፤ ሥልጠና ወስደው፣ በሥርዓት፣ በቀጠሮ ነው የሠሩት። ቡና ላይ ሆድን መክፈት ያሳርፋል፤ ጥሩ ነው። ግን ቡናው ላይ የሰማ ሁሉ ምስጢር አይጠብቅም፤ የሚመክርሽም ብዙ ጊዜ «አንቺ ምን ጎደለሽ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ካገኘሽ ጥቂት ቀጠሮ ያዢ። ባታገኚ፣ የሐኪምሽ ክሊኒክ የምክር አገልግሎት እንዳለው ጠይቂ።

ወደ እናትሽ ልመለስ። ጠበል ሂጂ፤ ከልቤ ነው። እምነት፣ ጸሎት፣ ከሰው ጋር መሆን፣ ከቤት መውጣት ለተጨነቀች ነፍስ ትልቅ ነገር ነው። «መድኃኒቱን ትተሽ» የሚለውን ግን እናትሽ ከቤተ ክርስቲያን አላገኙትም። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም.፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ጉዳይ ሲያከራክር፣ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነና ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ይህን ንገሪያቸው፤ ከእኔ ቃል የእሳቸው ይሻላል። ፍሉኦክሰቲን በቀን አንዴ ስለሆነና ከምግብ በፊትም በኋላም ስለሚወሰድ ለጾምም ለጠበልም ይመቻል። ጠዋት በባዶ ሆድ ተጠምቀሽ፣ ጠጥተሽ፣ ከሰዓት ስትፈስኪ ትውጪዋለሽ። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይሁን እንጂ።

ሱስ ስላልሽው። ሱስ ማለት መጠኑን እየጨመሩ መሄድ፣ ሐራራ፣ ለማግኘት ሲሉ ሌላውን ሁሉ መተው ነው። የድባቴ መድኃኒት ይህን አያመጣም። በድንገት ሲቆም ግን ሰውነት ይረበሻል፦ ማዞር፣ መነጫነጭ፣ የእንቅልፍ መዛባት። ፍሉኦክሰቲን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ይህ ከሌሎቹ ያነሰ ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የሕመሙ መመለስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል ነው የሚለው። ብዙ ሰው ልክ እንዳንቺ በሦስተኛው ወር «ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ደህና ይሆናል። ከዚያ አንድ ጠዋት ከአልጋ መውረድ ያቅተዋል። መድኃኒቱን ማቆሙን ግን አይጠረጥርም፤ ደህና የከረመበትን ሳምንት ነው የሚያስበው።

ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄሽ ውስጥ ሹልክ አድርገሽ ያለፍሽው ነገር ላይ ልቁም። መድኃኒቱን ለመተው ያስነሳሽ እህትሽም እናትሽም አይመስሉኝም፤ የትዳርሽ ነገር ነው። ይህ የፍሉኦክሰቲንና የመሰሎቹ የታወቀ፣ በጣም የተለመደ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ሐኪም ካልጠየቀ ታካሚ አያነሳውም፤ ሐኪሙም አፍሮ አይጠይቅም። ሁለቱም ዝም ይሉና መድኃኒቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ድባቴ ራሱ ፍላጎት ይገድላል፤ ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት እንዴት ነበር የሚለው መታወቅ አለበት። ከመድኃኒቱ ከሆነ መፍትሔ አለው፦ መጠን ማስተካከል፣ ጊዜ መስጠት፣ ወይም ይህን ችግር እምብዛም ወደማያመጣ ሌላ መድኃኒት መቀየር። በአፍሽ መናገር ከከበደሽ በወረቀት ጽፈሽ ስጪው። አንዲት ታካሚዬ ስልኳ ላይ ጽፋ አሳይታኝ ነበር፤ አንብቤ «ገባኝ» አልኳት፣ መድኃኒቱን ቀየርኩላት፣ አለቀ። ባለቤትሽም ከመድኃኒቱ መሆኑን ይወቅ፤ ሳያውቅ ከቀረ ሌላ ነገር ያስባል።

ሐኪምሽ ጋ ስትሄጂ የእህትሽን ጠርሙስም ይዘሽ ሂጂ። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ)፣ የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ተሠርቶልሽ እንደሆነ ጠይቂ። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ድባቴን ቁርጥ ይመስላል። ረጅም ጾም የሚጾም፣ ሥጋና ወተት የማይነካ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። አንድ ጥያቄ ደግሞ ራስሽ ቀድመሽ አስቢበት፦ በሕይወትሽ እንቅልፍ ሳያምርሽ ለቀናት ኃይል ሞልቶብሽ፣ ብዙ አውርተሽ፣ ገንዘብ በትነሽ ታውቂያለሽ? ካወቅሽ ሳትነግሪው እንዳትወጪ። እንዲህ ላለ ሰው የድባቴ መድኃኒትም ሆነ ያ ቢጫ አበባ ብቻውን ሲሰጥ ወደዚያኛው ጫፍ ሊወረውር ይችላል።

ከቀጠሮው በፊት «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ቢመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ለባለቤትሽ ወዲያው ንገሪው፣ ክኒኖቹን እሱ ይያዛቸው፣ በዚያው ቀን አማኑኤል ሆስፒታል ወይም በቅርብ ያለ ድንገተኛ ክፍል ይውሰድሽ።

እህትሽንም ጠይቂልኝ። እሷ ራሷ ክረምት ሲገባ፣ እዚያ ቀኑ ሲያጥር፣ ትደብታለች ወይ? ጠርሙሱን መጀመሪያ ለማን ገዝታው እንደነበር ማወቅ ደስ ይለኛል። ለራሷ ከሆነ፣ ለወቅት ድባቴ ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት የሚታይ 10,000 ለክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) መብራት አለ፤ ሐኪሟን ትጠይቅ።